ተራዬ እንዳያልፈኝ

ደባርቅ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወይዘሮ ዙፋን ሸጋው
ሐዴራ፣ እስራኤል አገር

የሰማይና የምድር ጌታ ሰላሙን ከደጅሽ አያርቀው። አንቺ፣ እናትሽ፣ ባለቤትሽ፣ ልጅሽ ኢታማር እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከዚህች ከቀኝ ጉልበቴ በቀር ፈጣሪዬን የማማርርበት ነገር የለኝም። ክረምቱ በሰላም ወጥቷል። ገብሱ ደህና ይዟል፤ ባቄላውን ግን ውርጭ መታው።

የላክሽልኝን ደብዳቤ እሌኒ ፎቶ ኮፒ ቤቷ አትማ ሰጥታኛለች። ይህችንም እሷ ናት በስልኳ ፎቶ አንሥታ የምትልክልሽ። ስልኩስ እንደምታውቂው ለእኔ ጆሮ አይሆንም፤ ፓርክ ጥበቃ ላይ ሳለሁ ያ ጠመንጃ አጠገቤ ከጮኸ ወዲህ በስልክ የሚያወራኝ ሰው ሁሉ ከጉድጓድ ውስጥ የሚጮህ ይመስለኛል። የእጅ ጽሑፍሽ ቁርጥ የአባትሽን ነው። ጋሼ ሸጋው በሕይወት ሳለ ለዘመን መለወጫ ሳይጽፍልኝ ቀርቶ አያውቅም። ሰዎች «ይህቺ እስራኤል ያለችው ምንህ ናት?» ይሉኛል። «የእናቴ እናትና የአባቷ አባት አንድ ጡት የጠቡ ናቸው። አያቴ ክርስትና ተነሥታ ደባርቅ ተዳረች፤ ወንድሟ ዳባት በአይሁድ ሃይማኖቱ ጸና፣ ልጆቹም ኢየሩሳሌም ገቡ» እላቸዋለሁ። «ይህማ ሩቅ ነው» ይላሉ። ይሁና። ከቅርቦቹ ማን ስለ ጉልበቴ ይጠይቀኛል?

አሁን የምሥራች ልንገርሽ። ጎንደር በዓመት አንድ ጊዜ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች አሉ አላልኩሽም? ያለቀ ጉልበት አውጥተው በብረት የሚተኩ። ከሁለት መቶ ሰው በላይ ተመዝግቦ ሠላሳው ሲመረጥ እኔ ዐሥራ አራተኛ ሆኜ ወጣሁ! ቀኑ ታኅሣሥ 18 ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ስካውት፣ የተራራው ፓርክ ጠባቂ ሆኜ ከሳንቃ በር ካምፕ ጨነቅ ካምፕ፣ ከጨነቅ ሳንቃ በር ስመላለስ የበላኝ ተራራ አንድ እግሬን ሊመልስልኝ ነው። አሁን ከቤቴ እስከ መነኸሪያ ለመድረስ አራት ጊዜ እቀመጣለሁ። ሽንት ቤት ስሄድማ አልነግርሽም።

አንቺ የአጥንት ክፍል ነርስ ነሽና ምን ይዤ እንደምሄድ፣ ምን እንደምጠነቀቅ ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ደግሜ ልጠይቅሽ። ጋሼ ሸጋው በምን ምክንያት ዐረፈ? መርዶው ሲመጣ «በድንገት» ብቻ ነው የተባልነው። የሚያውቁት ሽማግሎች ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ።

ዘመድሽ ይግዛው


ሐዴራ፣ ኅዳር 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ይግዛው

የአባቶቻችን አምላክ ጤናዎን ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ዐሥራ አራተኛ ሲሉ «እሰይ!» ብዬ ስጮህ የክፍላችን ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እናቴ እልል ብላለች።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎ። ከዛሬ ጀምሮ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ አድርገው ያንሡ፣ ዐሥር ቆጥረው ያውርዱ፤ ጠዋት ዐሥር ጊዜ፣ ማታም ዐሥር ጊዜ። የጭንዎ ሥጋ በበረታ መጠን አዲሱ ጉልበት ቶሎ ይታዘዛል። የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን እንኳ ሳይጥሉ ይዘው ይሂዱ። እግርዎ ላይ ቁስል ካለ፣ ጥርስዎን የሚያምዎ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት ይታከሙ። ልብስ ሰፋ ያለ ይሁን። ጫማ ክፍት ያልሆነ፣ የማያንሸራትት።

ከሁሉ በላይ ግን ሐኪም የጠየቀዎትን ሁሉ ሳይደብቁ ይንገሩ። ይህን እንዳይረሱት።

ኢታማር አማርኛ እያስተማርኩት ነው፤ «ጉልበት» የሚለውን ቃል ከእርስዎ የተነሣ ለመደው። ሌላውን በሚቀጥለው እጽፍልዎታለሁ።

አክባሪዎ ዙፋን


ደባርቅ፣ ኅዳር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙፋን

ሰላምታዬ ከልቤ ይድረስሽ። መልሴ ስለዘገየ እንዳትቀየሚኝ። ዳባት የደርቤ እናት ዐርፋ ለቀብር ሄጄ ነበር። ደርቤ አብሮኝ ስካውት የነበረ ባልንጀራዬ ነው። ድንኳኑ ሰው በሰው ላይ ነበር፤ ብርዱ ደግሞ የዳባት ብርድ። ከተመለስኩ በኋላ ትንሽ ጉንፋን ነገር ይዞኝ ጥቂት ቀን ተኛሁ። አሁን ደህና ነኝ። እግሬንም እንዳልሽኝ አነሣለሁ፤ ዐሥር ሳልደርስ ትንፋሽ ያጥረኛል እንጂ አልተውኩም።

ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት የሽንብራ ሾርባ ሠርታ አመጣችልኝ። የሷ ነጭ ሽንኩርት ከደጅ ነው የሚሸት፤ ለእኔ ግን ምንም አልሸትህ አለኝ። «ነጭ ሽንኩርቱን ረሳሽው እንዴ?» ብላት ተቆጣችኝ። እንዲህ እየሳቅን ሰነበትን።

የሆስፒታሉ ሰዎች ቀጠሮው እንደጸና ለእሌኒ ደውለው ነግረዋታል። ቀኑ ቀረበ፤ ልቤም ቸኮለ።

ስለ አባትሽ የጠየቅሁሽን አልመለስሽልኝም። ካስጨነቀሽ ተይው።

ይግዛው


ሐዴራ፣ ኅዳር 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጋሼ ይግዛው፣

ሰላምታውን ስላሳጠርኩ ይቅር ይበሉኝ። ለእሌኒም ደውዬ «ዛሬውኑ አድርሺላቸው» ብያታለሁ።

ትኩሳት ነበረዎት? ስንት ቀን? ሕመሙ የጀመረዎት መቼ ነው? ጤና ጣቢያ ሄደው ነበር? አፍንጫዎን በጥጥ መርምረውዎታል? ምን አሉዎ? ትንፋሹ አሁንም ያጥርዎታል?

የነጭ ሽንኩርት ሽታ የሚያጠፋ ጉንፋን ተራ ጉንፋን አይደለም፣ ጋሼ። እንዲህ ካለ ሕመም በኋላ ሰውየው ዳነ ቢባልም ደሙ ገና አልተረጋጋም። ለሳምንታት በቀላሉ የመርጋት ጠባይ ይኖረዋል። የጉልበት ቀዶ ጥገና ደግሞ ብቻውን እግር ውስጥ ደም ሊያረጋ የሚችል ነገር ነው። የረጋው ደም ከባት ተነሥቶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ማወቅ አለባቸው። ቀጠሮውን ትንሽ ያራዝሙት ይሆናል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

እባክዎ ይመልሱልኝ።

ዙፋን


ደባርቅ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙፋን

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አዝመራው ተወቅቶ እየገባ ነው። በዚህ ሳምንት ጉሙ ከሸለቆው እየወጣ ከተማውን እስከ ቀትር ይሸፍነዋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ሰማዩ የታጠበ ይመስላል። ቱሪስትም መምጣት ጀምሯል ይላሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ዘንድሮ እስከ ገበሬው ገብስ ድረስ ወረዱና የፓርኩ ሰዎችና ገበሬው ተጨቃጨቁ። ሽማግሌ ሆኜ ገብቼ አስታረቅኋቸው። ቁጭ ብዬ ነው ያስታረቅሁት፤ መቆምማ የት አለና።

ስለ ጉንፋኑ ተይው። አልፏል። እኔ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ልጄ። ዘንድሮ ተራዬ ካለፈ የሚቀጥለው ዓመት ይምጡ አይምጡ ማን ያውቃል? ባለፈው ዓመት በጦርነቱ ምክንያት አልመጡም። «ትንሽ ያራዝሙት ይሆናል» ያልሽው ለአንቺ አገር ነው። እዚህ የተራዘመ ነገር ይቀራል።

ከአንቺ የምለምነው ጸሎት ብቻ ነው።

ይግዛው


ሐዴራ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድዎና ለማከብርዎ ጋሼ ይግዛው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከጠየቁኝ ሁሉ ስሸሽ ከርሜአለሁ። አሁን እመልሳለሁ።

አባቴ በጉልበቱ ምክንያት ነው የሞተው።

እሱንም እንደ እርስዎ ቀኝ ጉልበቱን ያመው ነበር። ዕድሜውን ሁሉ በግንባታ ሥራ ተንበርክኮ ወለል ሲያነጥፍ አለቀበት። ስምንት ወር ወረፋ ጠብቆ ተራው ለጥር 2013 ደረሰው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ቤታችን ሁሉ ታመመ። እኔ ተመርምሬ ኮሮና ነው አሉኝ። አባቴ ግን «እኔ የሚመረምረኝ እግዚአብሔር ነው» ብሎ እምቢ አለ። አራት ቀን አተኮሰው፣ ሳለ፣ ከዚያ ተነሣ።

ሐኪሙ ዘንድ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ መልካም ሰው ነበር፤ ሳይጠይቅ አላለፈም። «ባለፈው ወር ትኩሳት ወይም ሳል ነበረው?» አለኝ። ለአባቴ በአማርኛ ነገርኩት።

«አልነበረም በዪው» አለኝ።

«አባዬ፣ ነበረብህ እኮ።»

«ዙፋኔ፣ ስምንት ወር ጠብቄአለሁ። አልነበረም በዪው።»

አልኩት። በአባቴ አፍ ለሐኪሙ አልኩት። ሐኪሙ «የለም» ብሎ ጻፈ።

ቀዶ ጥገናው አማረ። አባቴ በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩን እየዞረ ነርሶቹን ያሳቅ ነበር። ቤት ከገባ በኋላ ባቱ አበጠ። ያንንም ደበቀን፤ ካልሲውን አላወልቅ ብሎ እናቴን ሲቆጣት ነገሩ አልገባንም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ተነሥቶ «አየር አጠረኝ» አለ። አምቡላንሱ ሲደርስ አልቆ ነበር። የረጋ ደም ከባቱ ተነሥቶ ሳንባው ገብቶ ነው።

እውነቱን ብናገር ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም፣ ጋሼ። ሳይታመሙም በዚህ የሚሞቱ አሉ፤ ታመውም ምንም የማይሆኑ አሉ። ግን ሐኪሙ ያን ቀን ዕድሉን አላገኘም። ዕድሉን የከለከልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለእናቴም ለወንድሞቼም አልነገርኩም። ከእግዚአብሔር ቀጥሎ እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።

ተራዎ ቢያልፍ ይለፍ። እኔ ሌላ ተራ እፈልግልዎታለሁ። እባክዎ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ልጅዎ ዙፋን


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙፋን

እግዚአብሔር ያጽናሽ። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ የእህቴ ልጅ የሊድያ ቤት ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ደባርቅ ዘጠኝ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። እሌኒ ደብዳቤሽ ስልኳ ላይ እንደመጣ እንኳ ያወቀችው በመጨረሻው ዕለት ነው። ታኅሣሥ 17 ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ሳለሁ ነጠላዋ እየተጎተተ መነኸሪያውን አቋርጣ መጣችና በመስኮት አቀበለችኝ። «ጋሼ፣ አሁኑኑ ያንብቡት ብላለች!» አለች። እኔ ምክር መስሎኝ ኪሴ ከተትኩት። ዳባት ሰው ሲወርድና ሲሳፈር ብዙ ቆየንና መነጽሬን አውጥቼ ጀመርኩ። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ጨረስኩት። ኮሶዬን ስናልፍ አጠገቤ ያለችው ሴት «አባባ፣ መርዶ ነው እንዴ?» አለችኝ። «አዎን፣ የቆየ መርዶ ነው» አልኳት።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ጎንደር ስገባም ገና አልቆረጥኩም ነበር። ለጋሼ ሸጋው አለቀስኩ፣ ለአንቺም አዘንኩ፣ ለራሴ ግን «እኔ ሌላ ነኝ» አልኩ። ሰው ክፉ ነው።

በማግሥቱ ሳልበላ ተቀምጬ ተራዬን ጠበቅሁ። «ዐሥራ አራት!» ተባለ። ነርሷ መዝገቧን ይዛ ትጠይቀኛለች። ስኳር? የለም። ደም ግፊት? የለም። «ባለፉት ሁለት ወራት ታመው ነበር?» አለች።

የለም ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ አንቺ ታየሽኝ፤ አባትሽ አጠገብ ቆመሽ።

«ታምሜ ነበር» አልኳት። «ከኅዳር ዐሥራ ሦስት ጀምሮ ስድስት ቀን አተኮሰኝ። ጤና ጣቢያ አፍንጫዬን መርምረው ኮሮና ነው ብለውኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ለዘመዴም ዋሽቻታለሁ።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወጣች። ይዛ የመጣችው ዶክተር ሃብተ ጊዮርጊስ የሚባል፣ ጠይም፣ ረጅም፣ የእኛው አገር ሰው ነው። ትንፋሼን አዳመጠ፣ ሁለቱንም ባቶቼን ጫን ጫን አደረገ፣ በአልትራሳውንድም አየ። «አሁን የረጋ ደም አይታይም» አለ። «እንኳን ነገሩን። ገና አምስት ሳምንትዎ ነው። ትንፋሽዎም አልተመለሰም። ያ ሕመም ያለፈበት ሰውነት ላይ ይህን ቀዶ ጥገና አሁን አንጭንም።»

«በቅሎም ሁለት ጭነት አይጫንባትም» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። «ተራዬስ?» አልኩት።

«ዛሬ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል።»

«እንግዶቹ ከሄዱ በኋላስ?»

«እንግዶቹ ይሄዳሉ፤ እኔ የት እሄዳለሁ? ከእነሱ ጋር ስሠራ አራት ዓመቴ ነው። በእርስዎ ልክ የሆነውን ጉልበት በስምዎ አስቀምጣለሁ። የካቲት ሁለት ይምጡ።»

አላመንኩትም። ስሜን ጻፍ አልኩት፤ ጻፈ። ማኅተም አድርግ አልኩት፤ አደረገ። ዐሥራ አምስተኛዋ ዘቢደር የምትባል የዳባት ሴት ነበረች። ተራዬን ስትወስድ እጄን ይዛ ሳመችው። ደህና ወጥታለች፤ ትናንት ሄጄ ጠይቄአታለሁ።

አሁን ስለ አንቺ። እኔ አዋቂ አይደለሁም፤ የማውቀውን ግን ልበልሽ። አስተርጓሚ የሰውን ቃል ያደርሳል። ቃሉ የአባትሽ ነበር። አባት «በዪ» ሲል እምቢ የምትል ልጅ በእኛ አገር አልተወለደችም፤ በእናንተም አገር ብትሆን ከዚያ ቤት አትወለድም። ጋሼ ሸጋው ራሱ ተሳሳተ እንጂ በልጁ አልተከዳም። እኔንስ ማን ከዚያ ጠረጴዛ መለሰኝ? ያን ደብዳቤ ለመጻፍ ከእኔ ጉልበት የሚበልጥ ጉልበት ይጠይቃል።

ለእናትሽ ንገሪያት። እንዲህ ያለ ነገር ብቻውን አይያዝም።

ይግዛው


ሐዴራ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ይግዛው

አምላክ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ያርዝመው፣ ያርዝመው። ደብዳቤዎ እስኪመጣ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የቆጠርኩት። በታኅሣሥ 18 ሥራ መግባት አቅቶኝ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። እሌኒ ስልክ አታነሣም፤ መብራት መጥፋቱን እኔ በምን ላውቅ?

«ታምሜ ነበር አልኳት» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ።

ለእናቴም ነገርኳት። ዳቦ እየቆረሰች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ «እኔም እኮ ባቱን አይቼው ነበር» አለች። «ሲተኛ ካልሲውን ገለጥ አድርጌ አየሁት። ለዙፋን እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ። ነርስ ልጅ እያለችኝ ሁለት ዓመት ፊትሽን ማየት አፍራለሁ።» ጋሼ፣ እሷ ከእኔ ስትሸሽ እኔ ከእሷ ስሸሽ ነው የኖርነው ለካ። ያን ቀን ተቃቅፈን ዋልን። ስለ አባቴ ሳቅን ጭምር፤ በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ ነርሶቹን እስክስታ ካላስተማርኩ ያለውን።

እስከ የካቲት ትንፋሽዎን ያበርቱ። በየቀኑ ጥቂት ይራመዱ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ወንበር ላይ ብዙ አይቀመጡ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ ወይም ክኒን ይሰጡዎታል። አንዱንም ቀን እንዳይዘሉ። ባትዎ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከቀላ፣ ወይም ሲረግጡት ካመመ፣ ሰዓት አይጠብቁ። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት ደግሞ እንደቆሙ ይሂዱ።

ልጅዎ ዙፋን


ሐዴራ፣ የካቲት 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጋሼ ይግዛው፣

ከቀዶ ጥገናው ስምንት ቀን ሆነ። ሊድያ በሁለተኛው ቀን «በሰላም ወጥቷል» ብላ ጽፋልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምንም አልሰማሁም። ስልኳ አይሠራም። ነገ ዘጠነኛው ቀን ነው። እኔ ዘጠነኛውን ቀን አልወደውም።

አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ።

ዙፋን


ጎንደር፣ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙፋን

አለሁ! ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ብያለሁ። የሊድያ ስልክ ውኃ ውስጥ ወድቆ ነው ዝም ያልናችሁ፤ ዛሬ ነው የተሠራው።

ዶክተር ሃብተ ጊዮርጊስ ቃሉን ጠበቀ። ከወገቤ በታች አደንዝዞ ሲሠራ መዶሻውን እሰማ ነበር። ጆሮዬ ደህና አለመሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። በማግሥቱ አቆሙኝ። አመመኝ፣ ግን ሌላ ሕመም ነው፤ የድሮው ሕመም ያለቀ ነገር ሕመም ነበር፣ ይህ የሚድን ነገር ሕመም ነው። ሆዴን በየቀኑ በመርፌ ይወጉኛል። ሊድያ መውጋት ተምራ ቤት ወሰደችኝ።

በየካቲት 11 ጠዋት ባቴ አበጠ።

አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ጋቢዬን ልጎትትበት ነው። እጄ ጋቢው ላይ ደረሰ። ከዚያ «ሊድያ!» ብዬ ጮህኩ። ባጃጅ ጠርታ ወሰደችኝ። ነርሶቹ ሲያዩኝ ሮጡ፤ አልጋ ላይ አጋድመው «አይንቀሳቀሱ» አሉኝ። መሣሪያውን የያዘች ወጣት ሐኪም ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችኝና ከብሽሽቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጫን እያደረገች ወረደች። ወደ ላይ ወጣች፤ ደግማ ወረደች። ፊቷ ምንም አይናገርም። «ልጄ፣ ንገሪኝ» አልኳት። «ይታገሡ አባቴ» አለች። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሃያ ሰባት ዓመት ገደል ጫፍ ላይ ስኖር አልሰማሁም። ሊድያ ጥግ ላይ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። በሦስተኛው ሐኪሟ መሣሪያውን አነሣችና እጇን ጠረገች።

«ንጹሕ ነው» አለች። «ደምዎ እንደ ልቡ ይፈሳል። ከቁስሉ የወረደ እብጠት ነው፤ ከፍ ባለ ትራስ ያሳርፉት።»

ሊድያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ሐኪሟን ግን ሳልመርቅ አልቀረሁም፤ ወጥቼ ሳይ ነርሶቹ ሁሉ አሜን ይሉ ነበር። ዶክተር ሃብተ ጊዮርጊስም መጥቶ «ጥሩ አደረጉ፤ ሃያ ጊዜ በከንቱ ቢመጡብኝ አንድ ጊዜ ከሚዘገዩ ይሻለኛል» አለኝ።

ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነው። በሁለት ምርኩዝ ግቢውን ዞርኩ። ትናንት ጾሙ ገባ። የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጥተው «ዘንድሮ ስግደቱን እንዴት ላድርግ?» ብላቸው፣ «በዓይንህ ስገድ፤ እሱ ጉልበትህን ማን እንደሠራው ያውቃል» አሉኝ።

ስለ ዘጠነኛው ቀን አትፍሪ። አለፈ።

ይግዛው


ሐዴራ፣ መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ይግዛው

ሰላም፣ ጤና፣ ብርታት ለእርስዎ። የላኩትን ቪዲዮ ለእናቴ አሳየኋት። በአንድ ምርኩዝ ደረጃ ሲወጡ «ቀስ በል፣ አንተ ሰው!» እያለች ስልኩን ትቆጣው ነበር።

እኔ ከዚያ አገር ስወጣ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በየዓመቱ «ዘንድሮ እንሄዳለን» ይል ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ስለእሱ ሲጠይቁኝ የምለው ስለሌለኝ መምጣቱን እፈራው ነበር። አሁን የምለው አለኝ። ፈቃድ ጠይቄ ሁለት ሳምንት ሰጡኝ። ኢታማርንም እናቴንም ይዤ ሚያዝያ 16 ጎንደር እገባለሁ፤ በማግሥቱ በሚኒባስ ደባርቅ። እናቴ አውሮፕላን ላይ በየሰዓቱ እንድትነሣና እንድትራመድ አስምያታለሁ።

ምን ላምጣልዎ? እሺ ቢሉኝ ጥሩ ጫማ አመጣለሁ። ቁጥርዎን ይንገሩኝ።

ልጅዎ ዙፋን


ደባርቅ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙፋን፣ ለእናትሽ፣ ለኢታማር

መንገዳችሁን እግዚአብሔር ያቅናው። ጫማ አያስፈልገኝም፤ ራሳችሁን አምጡ። እምቢ ካልሽ አርባ ሁለት ቁጥር ነው።

ዶክተር ሃብተ ጊዮርጊስ ባለፈው ሳምንት አየኝ። መድኃኒቱ አልቋል፤ ጉልበቴ እንደልቡ ይታጠፋል፤ ባቴም እንደ ወንድሙ ነው። «ከእንግዲህ የምፈልግዎ ለሰላምታ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲህ ምርኩዙን ቤት ጥዬ ነው የምወጣው።

አባትሽን የሚያውቁት ሽማግሎች ዳባት ሆነው ይጠብቋችኋል። በምን እንደሞተ አልነገርኳቸውም፤ ያ የአንቺ ነው። ብትፈልጊ ትነግሪያቸዋለሽ፤ ባትፈልጊ እሱ የተወለደበትን ቦታ አሳይተውሽ ይመለሳሉ። ቤት የለም፤ የባሕር ዛፍና የገብስ ማሳ ነው። ይቀዱት የነበረው ምንጭ ግን እንዳለ ነው።

ደባርቅ መነኸሪያ ስትደርሱ እኔን ለማወቅ አትቸገሩም። የመነኸሪያው ልጆች ለጋሼ ይግዛው ወንበር ማውጣት ልማዳቸው ነው፤ ያን ቀን እንዳያወጡ ነግሬአቸዋለሁ። ሚኒባሱ ቢዘገይም አልቀመጥም። ቆሜ ነው የምጠብቅሽ።

ይግዛው